አሥራ አራተኛው ችካል

ሂክማት ከሞተ ዓመት ሊሞላው አሥር ቀን ሲቀረው የሰፈራችን ሽማግሌ ቱርሱንቦይ በራችንን አንኳኳ። እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ፣ እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው እንደሚጠራው «አካ» እያለ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ወይን ሐረጌ ሳይቀር ጠየቀኝ። ቱርሱንቦይ ይህን ሁሉ ሲጠይቅ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው።

«ኖሲር አካ፣ ለሙት ዓመቱ የጠዋት ኦሽ እናበላለን። ሁለት ትልልቅ ድስት ሩዝ ነው የሚወጣው። ካሮቱን ዛሬ አዝዣለሁ። ከዚያ በኋላ ኩሬው ዳር ድንጋይ እናቆምለታለን። አብረውት ከሠሩት መሐል በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሁለት ቃል ይናገሩልን።»

«ድንጋዩ ላይ ምን ይጻፋል?»

ከኮቱ ኪስ ወረቀት አወጣና መነጽሩን ፈልጎ አነበበልኝ። «ይህን ኩሬ አስቦ የሠራው፣ ለታሽከንት ውሃና ጥላ የመለሰላት፣ ታላቁ የከተማ ፕላን ባለሙያ ሂክማት ሶቢሮቭ።»

«መልካም፣ እናገራለሁ» አልኩና እስከ በር ሸኘሁት። በሩን እንደዘጋሁ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። ሰማኒያ አራት ዓመቴ ነው፤ ያመመኝ እጄን ነበር።

ሚስቴ ካሮማት ከጓዳ ወጣች። «ምን ተሰበረ?»

«ምንም።»

«ሂክማት አካን አነሱብዎት አይደል? የአኖራ አባት፣ ሰውዬው እኮ ሞቷል። ከሞተ ሰው ጋር ደግሞ ምን ሽቅድድም አለ?»

«ድንጋይ ሊያቆሙለት ነው።»

«ይቁምለታ! ይገባዋል። ኩሬው ባይኖር ሐምሌን የት እናሳልፈው ነበር? እርስዎ በሠሩት በዚያ የመኪና ማቆሚያ ላይ?»

ካሮማት እንዲህ ናት። በልጃችን ስም፣ በአንቱታ እየጠራች ቆዳ ትገፍፋለች። ሃምሳ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ጊዜም አንተ ብላኝ አታውቅም፤ አንድ ጊዜም ደግሞ ሂክማትን ሳታወድስ የሰነበተች አይመስለኝም።

ያ ኩሬ የእኔ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በዚህች ከተማ ውስጥ ሰው የሚወደውን አንድ ነገር ሠርቻለሁ፤ እሱም በሌላ ሰው ስም ይጠራል። አሁን ደግሞ ድንጋይ ላይ ሊቀረጽ ነው። ድንጋይ ላይ የተቀረጸን ነገር ማን ይፍቀዋል? ከተናገርኩ ያኔ ነው፤ ካልተናገርኩ ከእኔ ጋር መቃብር ይገባል። አሥር ቀን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለምን ዝም እንዳልኩ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ሂክማትና እኔ ሞስኮ አንድ ክፍል ተጋርተን፣ ከአንድ ድስት በልተን ነው የተማርነው። በውጤት እበልጠዋለሁ። በከፍታ ልኬትና በሒሳብማ አጠገቤ የሚደርስ አልነበረም። እሱ እርሳሱን እያድበሰበሰ፣ ወረቀቱን በክንዱ እያጠቆረ ነው የሚሠራው። ግን አፉን ሲከፍት መምህራኑ መነጽራቸውን አውልቀው ያዳምጡታል። እኔ ስናገር ሰዓታቸውን ያያሉ።

የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማችንን ካፈረሳት በኋላ ተመልሰን መጣን። አዲሶቹን ሰፈሮች የሚያቅደው ክፍል ኃላፊ ማን ሆነ? ሂክማት። ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። እኔ ከሥሩ የልኬት ክፍሉን ያዝኩ።

ሥራ ያውቅ ነበር፤ አልክድም። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ጠዋት ቢሮ አይገባም። ገና መንገድ ያልወጣለትን ሜዳ እየዞረ በረዶው ላይ የታተመውን የሰው ዱካ ይስላል። ሴቶች ወደ ገበያ በየት እንደሚያቋርጡ፣ ተማሪዎች የትኛውን ጥግ እንደሚቆርጡ በደብተር ይዞ ይመጣና መንገዱን እዚያው ላይ ያሰምራል። «ሕዝቡ ነድፎልኛል፣ እኔ ገለበጥኩት» ይላል። እኔም በዚያው በረዶ ላይ ስሄድ ነበር የምውለው። ያየሁት በረዶ ብቻ ነው። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

ከዚያ የባሆር ጎዳና መጣ። ሦስት ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ግራና ቀኙ ቦይ፣ በቦዩ ዳር ዛፍ። እኛ ዘንድ ቦይ ከሌለ ዛፍ የለም፣ ዛፍ ከሌለ ደግሞ በበጋ ከቤት የሚወጣ ሰው የለም። ቦዩ በየችካሉ ትንሽ ትንሽ እየወረደ ካልሄደ ውሃው ይቆማል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ችካል የቦይ ከፍታ በቁጥር የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ሳምንት ጋዜጠኛ መጥቶ ሁለታችንን ፕላኑ ላይ አጎንብሰን ፎቶ አነሳን። ለእናቴ ነግሬያት ነበር። ጋዜጣው ሲወጣ ሂክማት ሙሉውን ገጽ ይዟል። እኔን ቆርጠውኛል፤ ጠረጴዛው ዳር ክርኔ ብቻ ቀርታለች። እናቴ ጋዜጣውን አገላብጣ አገላብጣ፣ «የታለህ ልጄ?» አለችኝ። ክርኔን አሳየኋት።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን የቁጥር ወረቀቱን ዘረጋሁ። አሥራ ሦስተኛው ችካል አርባ ስድስት ይላል። አሥራ አራተኛው ሠላሳ ስድስት። ሦስቷን ስምንት አደረግኋት። ሰማኒያ ስድስት። ውሃው መውረድ ሲገባው አርባ ሳንቲ ሜትር ሊወጣ ነው። ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይወጣም።

ወረቀቱን ለሂክማት ስሰጠው ስልክ እያወራ ነበር። ዓይኑን እንኳ ሳይጥልበት ፈረመ። ጸሐፊዋ «አያዩትም?» ስትለው፣ «የኖሲር ቁጥር አይታይም» አላት። በዚያች ደቂቃ የነበረኝ ጸጸት ሁሉ በነነ። ሥራዬ ዓይን የሚጣልበት እንኳ አይደለም ማለት ነው አልኩ። ሂድና ተዋረድ አልኩት በሆዴ።

አንድ ሰው ብቻ ነበር የነቃው። ሲሚንቶውን የሚያፈስሰው ግንበኛ መጥቶ፣ «ወንድም፣ ይሄ ቦታ ከፍ አላለም?» አለኝ። «ወረቀቱ ምን ይላል?» አልኩት። «ሰማኒያ ስድስት።» «እንግዲያው ሥራ።»

የምረቃው ቀን ረጃጅሞቹ መለከቶች ተነፉ። ከላይ የመጡት ሹማምንት አዲስ ጫማ ተጫምተው ጎዳናው መካከል ተደርድረዋል። የቦዩ የውሃ በር ተከፈተና ውሃው መጣ። ሰዉ አበባ እየበተነበት፣ እያጨበጨበ አብሮት ሄደ። አሥራ አራተኛው ችካል ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደማሰብ አለ። ከዚያ ከቦዩ ወጥቶ ዝቅተኛውን ሜዳ መሙላት ጀመረ። ሹማምንቱ ጫማቸውን ለማዳን አንዱ በአንዱ ላይ ሲንጠላጠሉ፣ አንደኛው ወፍራም ሰውዬ በቂጡ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ከኋላ ቆሜ አየሁ። ደስ አለኝ። ምን ብዬ ልዋሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታው እስከ ማታ አልቆየም። አጣሪ ኮሚሽን ተባለ፤ በሦስተኛው ቀንም ተቀመጠ። ተራዬን እየጠበቅሁ ኮሪደሩ ላይ ላብ ሲያጠምቀኝ ሂክማት ወጣ። «ግባ ወደ ቤትህ፤ አልቋል» አለኝ። «ቁጥሩን ያረምኩት እኔ ነኝ፣ ስህተቱ የእኔ ነው» ብሏቸው ነበር። ፈርሟልና ምን ሊል ይችላል ብዬ አሰብኩ። ከኃላፊነቱ አንስተው ዳር አገር የአውቶቡስ መጠበቂያ እንዲነድፍ ላኩት። ወንበሩ ላይ እኔን አስቀመጡኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥኩበት። የፈረምኳቸው ፕላኖች ቢቆለሉ ጣራ ይነካሉ። ሰው የሚያስታውሰው ያንን የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው፤ እሱንም ለመርገም። ሂክማት ደግሞ እዚያ ዳር አገር ሴቶች ዘንቢላቸውን የሚያሳርፉበትን ቦታ እየፈለገ መጠበቂያ ይተክላል፣ ከየትኛውም ቤት ደጃፍ እስከ ጥላ ያለው መንገድ ከመቶ እርምጃ እንዳይበልጥ ያደርጋል። ያ ነገሩ ስም አተረፈለት። ከዱሻንቤ፣ ከቢሽኬክ ተማሪዎች ይመጡ ጀመር። ከእኔ ቢሮ በር ላይ ቆመው «ሂክማት አካን የት እናገኛቸዋለን?» ይሉኛል። አቅጣጫውን በእጄ አሳያቸው ነበር።

ኩሬውስ? ሲሚንቶውን ለማፍረስ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ፈቃድ የሚፈርም ግን ስለዚያ ቀን ማውራት አለበት፤ ማንም አልፈለገም። ውሃው ቀረ። በመጀመሪያው በጋ ልጆች ዋኙበት። በሁለተኛው ሚርቫሊ የሚባል ሽማግሌ የእንጨት መደብ ተሸክሞ መጥቶ ዳሩ ላይ ተከለና ሻይ መሸጥ ጀመረ። ሰዉ በሾላና በአኻያ አጠረው። የድሮዎቹ የየሰፈሩ ኩሬዎች በሽታ ያመጣሉ ተብለው በአባቶቻችን ጊዜ ተደፍነው ነበር። አሮጊቶች ይህንን ሲያዩ አለቀሱ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ሂክማት አውቆ ነው ያደረገው! ኩሬ ክልክል ስለሆነ ስህተት አስመስሎ ሠራው! ቅጣቱን ለሕዝቡ ብሎ ተቀበለ! መጀመሪያ ሻይ ቤት ተወራ፣ ከዚያ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ከዚያ መጽሐፍ ተጻፈ። ዘመኑ ሲለወጥ ወደ ወንበሩ መለሱት፤ እኔን ከሥሩ። ስለ ኩሬው ሲጠይቁት ይስቅና «ሻያችሁ ቀዘቀዘ» ይላቸዋል። እዩት ይሄን አስመሳይ እል ነበር። የእኔን ኩሬ ለብሶ ይዞራል፤ አልሠራሁትም እንኳ አይልም። እኔ ደግሞ የእኔ ነው ብል፣ እንዴት ሠራኸው ይሉኛል። በክፋት ነዋ! ምን ብዬ ልናገር?

የሙት ዓመቱ ቀን ደረሰ። ጎህ ሳይቀድ ወንዶቹ ተሰብስበን ኦሹን በላን። ከዚያ ፀሐይ ሞቅ ሲል ሴቶቹም መጡና ድንጋዩ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ዙሪያውን ቆምን። የሂክማት ልጅ ናፎሳት ከፊት ነበረች። እሷም የልኬት ሰው ናት፤ ሃምሳ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ካሮማት ከጎኗ ቆማ እጇን ይዛታለች።

ቱርሱንቦይ ጠራኝ። ተነሳሁ። ለመናገር ያዘጋጀሁትን ያህል ለዲፕሎማዬም አልተዘጋጀሁም።

«ጨርቁን አትግለጡት» አልኩ። «የተጻፈው ውሸት ነው። ይህን ኩሬ ሂክማት አላሰበውም። ያለው እኔ በጻፍኩት ቁጥር ነው። አሥራ አራተኛው ችካል ሠላሳ ስድስት ነበር፣ ሰማኒያ ስድስት አደረግኩት።»

ፀጉር አስተካካዩ ኦሊም ከኋላ ጮኸ። «ኖሲር አካ፣ ጥላው ውስጥ ይግቡ እንጂ! ፀሐዩ ነው!»

ሳቅ ሆነ። ያ ሳቅ ነው የጨረሰኝ።

«ተንኮል ነው!» አልኩ፤ ድምፄ ተሰነጠቀ። «ስህተት አይደለም። ቀንቼበት ነው። እንዲዋረድ ፈልጌ ነው። ለሕዝብ ብሎ ያሰበ ማንም የለም፤ እሱም አላሰበም፣ እኔም አላሰብኩም። ግን እጁ የእኔ ነው። ኩሬው የእኔ ነው!»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ቱርሱንቦይ ፊቱ ቀልቶ፣ «በሙት ዓመቱ? ነውር አይደለም?» አለ። «አሁን ማን ነው ይሄን የሚያምንልዎት?»

«እኔ አምናቸዋለሁ» አለች ናፎሳት።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ እንደ አባቷ።

«ከምረቃው ማግሥት አባዬ መለኪያውን ይዞ ወጣ። የሚረዳው ሰው ስላልነበረ የልኬት ዘንጉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአንደኛው ችካል ጀምረን አንድ በአንድ ለካን። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ አየ፣ ደግሞ አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ‹አጎቴ ኖሲር ተሳስተው ነው ወይ አባዬ?› አልኩት። ‹ኖሲር ቁጥር አይሳሳትም› አለኝ። ‹ሞስኮ አምስት ዓመት አብረን ስንማር አንድ ቁጥር ተሳስቶ አያውቅም። ከእኛ ሁሉ እሱ ነው ዋናው። የሱን ወረቀት ሳላይ የምፈርመው ለዚህ ነው። ይሄ ስህተት አይደለም፣ ናፎስ።›»

የቱርሱንቦይን ትከሻ ያዝኩ።

«እናቴ ሄደህ ተናገር አለችው። ‹ብናገር ስህተት ብለው አይጽፉትም፤ የመንግሥት ሥራ አበላሽ፣ ጠላት ብለው ነው የሚጽፉት› አላት። ‹አሥር ዓመት ያስሩታል። ሁለት ሕፃናት አሉት። እኔን ግን ቢበዛ ከወንበር ያነሱኛል።› በኋላ ሰው አውቆ ነው የሠራው ማለት ሲጀምር በጣም ነበር የሚያፍረው። የእኔ አይደለም እንዳይል፣ ታዲያ የማን ነው ይሉታል። ከዚያ አጎቴ ኖሲርን ይጠይቋቸዋል። ስለዚህ ሲያሞግሱት እየተሸማቀቀ ኖረ። ክብር የተሰጠው ቀን ሁሉ ቤት ሲመጣ እራት አይበላም ነበር።»

እኔ ያንን ሙገሳ ስመኝ አርባ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። አንድም ቀን ጥሞት አያውቅም ነበር።

ቱርሱንቦይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከዚህ የተሰማው ከዚህ ሰፈር አይወጣም» አለ ዙሪያውን በዓይኑ እየቃኘ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። «ድንጋዩን ግን ምን እናድርገው?»

«የአጎቴን ስም ጨምሩበት» አለች ናፎሳት። «ቦታ አለው። ቁጥሩ የሳቸው ነው፤ አባዬ ራሱ ውሃውን ኖሲር ነው ያቆመው ይለኝ ነበር።»

ድንጋይ ጠራቢው መሮውን ይዞ ቆሟል። መቶ ሰው እኔን ያየኛል። የመጣሁት ለዚህ ነበር። ስሜ፣ በሙሉ ፊደል፣ ክርን ሳይሆን።

«አይሆንም» አልኩ።

«ለምን?» አለ ቱርሱንቦይ። «ይኸው ተፈቀደልዎት!»

ደግነት መስሏቸው ኦሊም ሳይቀር እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ደግነት ግን አልነበረም። ስሜ ከስሙ ሥር ቢቀመጥ የሚያልፍ ሁሉ ሁለታችንን አስተያይቶ ነው የሚያልፈው። አስተያይቶ ምን እንደሚያገኝ ደግሞ አሁን አውቄዋለሁ። በቁጥር እንደምበልጠው እንኳ ከእኔ ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው፤ ዘንግ ለያዘች ለዘጠኝ ዓመት ልጅ። ይህንንም ቀደመኝ። በዚያች ሰዓት፣ እንደዚያ ሰምቼ እንኳ፣ ቀናሁበት።

ጨርቁ ተገለጠ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሰዉ ተበተነ። ካሮማት መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ቤት ገብተን ግቢያችን ውስጥ ካለው መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ አፍልታ አመጣች።

እኛ ዘንድ ለሚከበር ሰው ሻይ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ነው የሚቀዳለት፤ ቶሎ ቶሎ እንዲያስጨምር፣ አብሮ እንዲቆይ። እስከ አፉ የሚሞላው ጠጥቶ እንዲሄድ ለሚፈለግ ሰው ነው። ካሮማት ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ስትሰድበኝም ስታኮርፈኝም፣ ከሲኒው ሩብ በላይ ቀድታልኝ አታውቅም።

ማንቆርቆሪያውን አዘንብላ ሞላችው። ጠርዙ ላይ ደርሶ ወደ ሰሐኑ እስኪፈስ ድረስ ቀዳችና፣ ከፊቴ አስቀምጣልኝ ወደ ጓዳ ገባች።